የዘርጋ ሰላምታ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቢሮ ጠርተው ወረቀት አስፈረሙኝ፣ ሻይ ጋበዙኝ፣ ስለ እኔም ብዙ ጥሩ ነገር ተናገሩ። ግማሹ እውነት አልነበረም። ሰው ሲበተን አዲሱ የጥገና ኃላፊ የሐዲድ ተመልካቾችን መመሪያ ገልጦ አንድ መስመር አሳየኝ። «ተመልካቹ በማንኛውም ምክንያት ሥራውን ቢያቋርጥ፣ ከማንም ጋር ከመነጋገሩ በፊት የቆመበትን መገጣጠሚያ በምልክት ይያዝ» ይላል።

«ጋሽ ተክሌ፣ ይህን ማን ነው ያስገባው? ምክንያቱ አልተጻፈም» አለኝ።

እኔ ነኝ ያስገባሁት አልኩት። ምክንያቱ ግን የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሞ የሚነገር አልነበረም። አሁን ጊዜው ሞልቶኛልና ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ቦታ ተመድቤ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። የሚሳደብ አለቃ ነበረኝ፤ የሚጸልይ ነበረኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጥርሱን እየፋቀ እሺም እምቢም የማይል ነበረኝ። ስለ ደመወዝ አልጽፍም። ትንሽ ነበር፣ ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ይመጣ ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ ግን አለቃ አይደለም። ጋሽ ኸይሩ ነው።

ጋሽ ኸይሩን ያገኘሁት ቡታጅራ አጠገብ ነው። ጣሊያን ገብቶ መንገድ ያስጠርግ ነበር፤ እኔም ድንጋይ ተሸካሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ለጣሊያን መሥራቴን አልደብቅም። ወልቂጤ አቅራቢያ ያለው ቤታችን ተቃጥሎ፣ አባቴ ሞቶ፣ እናቴን ዘመድ ቤት አስጠግቻት ነበር። ዱር የገቡት ጓደኞቼ ዛሬም ድረስ በዚህ ይነኩኛል፤ ይንኩኝ።

ጋሽ ኸይሩ የመስቃን ሰው ነው። ከጦርነቱ በፊት ትልቁ ባቡር መሥመር ላይ ብዙ ዓመት ሐዲድ ሲጠግን ኖሯል። የእሱ መስቃንኛና የእኔ የሰባት ቤት ጉራጊኛ ስለማይገናኙ በአማርኛ ነበር የምንግባባው፤ የሁለታችንም አማርኛ የሚያስቅ ነበር። ጣሊያኖቹ ወልቂጤ ላይ ለመንገዱ ሥራ ትንሽ ባቡር ሊዘረጉ ሲነሱ እሱን ጠሩት። እሱም አንድ ሰው ልጨምር ብሎ እኔን አስጠራ። ከዚያ ሁሉ ተሸካሚ ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው፣ «ሁሉም ድንጋዩን ይወረውራል። አንተ ታስቀምጣለህ» አለኝ።

ያቺ ባቡር ባቡር ትባል እንጂ ትልቁን ባቡር ያየ ሰው ይስቅባታል። ሐዲዷ ሰው በአንድ እርምጃ የሚሻገረው ጠባብ ነው፤ ከተራራው የድንጋይ ካባ ተነስቶ፣ በገበሬዎች እንሰት መካከል አልፎ፣ ከታች የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ድረስ ይወርዳል። በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ትንሿ ሞተር ድንጋይ የተጫኑ ስምንት ፉርጎዎች ይዛ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ባዶዋን ትመለሳለች። በየፉርጎዎቹ መካከል ፍሬን የሚይዝ ሰው ይቆማል። ከነሱ አንዱ ደገፉ ከእኔ ጋር በአንድ ጎጆ የሚኖር ጓደኛዬ ነበር።

የእኛ ሥራ ሐዲዱን መመልከት ነው። የሁለት ሐዲድ ጫፍ የሚገናኝበት መገጣጠሚያ፣ በግራና በቀኝ ዝርግ ብረት ተደርጎለት በአራት ብሎን ይታሰራል። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ብሎኑ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፉን የሚያስረው ዳዶም ቀስ እያለ ይላላል። በዓይን አይታይም። በመዶሻ ሲመታ ነው የሚታወቀው። የጠበቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላው እንደ ደረቀ ቅል ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። የላላ ከተገኘ በብሎን መፍቻው በቺያቤ ይጠብቃል። ሥራው ይኸው ነው፤ ግን እያንዳንዱን ብሎን፣ አንድም ሳይዘሉ።

ጋሽ ኸይሩ ሥራ ሲጀምር ለስግደት እንደሚዘጋጅ ሰው ጆሮውን በውሃ ያጥባል። የመዶሻው እጀታ ወይራ ነው፤ ለማንም አያውሰውም። ሲሄድ የቀኙን ሐዲድ ይዞ ይወጣል፣ ሲመለስ የግራውን ይዞ ይወርዳል፤ በመካከሉ ቃል አይተነፍስም። ሰላም የሚለው ሰው ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ያደርጋል። ነጭ ቆቡን አውልቆ ሐዲዱ ላይ ያስቀምጥና ባዶ ራሱን ሄዶ ሰላምታ ይለዋወጣል። ጨርሶ ይመለሳል፣ ቆቡን ያጠልቃል፣ መዶሻውን ያነሳል።

ይህ ነገር በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ምን ዓይነት ትሑት ሰው ነው እያልኩ አደንቀው ነበር። እኔም ባርኔጣ ነበረኝና ሰው ሰላም ሲለኝ አውልቄ ደረቴ ላይ እይዘው ጀመር።

የላይኛውን ግማሽ እሱ፣ የታችኛውን እኔ ተካፍለን ነበር። ብሎን የሚመታው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሠራተኛው ስለማይገኝ ባቡሩ በሚያርፍበት በገበያ ቀን ነው። በእኔ በኩል ያለውን ሐዲድ የገበያ መንገድ ያቋርጠዋል። ካቋረጠም በኋላ ጥቂት እርምጃ ከሐዲዱ ጎን ለጎን ይወርዳል። በገበያ ቀን እዚያ ቦታ ላይ ታላቅ ሰው ሳይገጥመኝ የቀረበት ቀን የለም። እኔ የተወለድኩበት አገር ደግሞ ታላቅ ሰው ሰላም ሲልህ አንገት ነቅንቀህ አታልፍም። ቆመህ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እንሰቱ ትጠይቃለህ፤ እሱም ይጠይቅሃል፤ ሲሄድም ጥቂት ሸኝተኸው ትመለሳለህ። እኔም በደስታ አደርገው ነበር። የጣሊያን መዶሻ ይዤ የሚያከብረኝ ሰው ማግኘቴ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

አደጋው የደረሰው ከገበያ ማግስት ጠዋት ነው። እኔ ከታች ሰፈር ነበርኩ። ድምፁን ስሰማ የካባው ፈንጂ መሰለኝ። ቀጥሎ ጩኸት ሰማሁና ሽቅብ ሮጥኩ። የገበያው መንገድ ጋ ሞተሯ ሐዲዷ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ አምስት ፉርጎ ተገልብጦ ድንጋዩ አቶ ዘርጋ የሚባል ሰው እንሰት ላይ ፈስሷል። ደገፉ ከድንጋዩ ሥር ነበር። በእጃችን ቆፍረን አወጣነው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩን ግን የሰፈሩ ሐኪም ከጉልበቱ በታች ቆረጠው።

ከቀትር በኋላ አካባቢውን የሚያዝዘው የጣሊያን ካፒቴን ወታደሮቹንና አስተርጓሚውን ይዞ መጣ። ወዲያው ሐዲዱን ያፈረሱት ሽፍቶች ናቸው አለ። ከኮረብታው ላይ የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ ደግሞ ትናንት በገበያ ሰዓት አቶ ዘርጋ እዚሁ ቦታ ላይ ከሐዲዱ አጠገብ አጎንብሶ አይቼዋለሁ ብሎ መሰከረ።

ዘርጋ መሬቱ በሐዲዱ ለሁለት የተከፈለበት ገበሬ ነው። ሐዲዱ ሲዘረጋም ፊት ለፊት ተቃውሞ ስለነበር ስሙ ቀድሞ ተይዟል። አስረው ለምን አጎነበስክ ሲሉት፣ ሸክሜን አስቀምጬ ነበር፣ ሳነሳው ነው አለ። እዚያ ለምን አስቀመጥከው ሲሉት ዝም አለ። ቢገርፉትም ዝም አለ። ካፒቴኑ የሚቀጥለው የገበያ ቀን ገበያው መካከል እንዲሰቀል ወሰነ። በመካከል ያለው አምስት ቀን ነበር።

እኔና ጋሽ ኸይሩን ፍርስራሹን እንድናነሳ አዘዙን። እኔ ወደ ተገለበጡት ፉርጎዎች ስሄድ እጄን ያዘኝ።

«እዚያ ምንም የለም» አለ። «የወደቀው ነገር የት እንደ ወደቀ እንጂ ለምን እንደ ወደቀ አይነግርህም። ወደ ኋላ እንሂድ።»

ሽቅብ እየሄደ አግዳሚ እንጨቶቹን አንድ በአንድ አየ። የፉርጎው እግር ከሐዲድ ወርዶ እንጨት የነከሰበት የመጀመሪያ ጭረት ጋ ሲደርስ ቆመ። ከጭረቱ ሁለት እርምጃ ሽቅብ የገበያውን መንገድ የነካው መገጣጠሚያ ነበር። ከአራቱ ብሎን ሁለቱ የሉም፣ ሁለቱ ተጣመዋል። በሆዱ ተኝቶ ጠጠሩን በጣቱ ማበጠር ጀመረ። እስከ ማታ ድረስ ምስር እንደሚለቅም ሰው አበጠረ። አንዱን ብሎንና አንዱን ዳዶ አገኘና በመዳፉ ይዞ አሳየኝ።

«ዳዶውን እየው። ማዕዘኑ ላይ ያለው ዝገት አልተነካም። ቺያቤ ነክሶት ቢሆን ይላጥ ነበር። ብሎኑን ደግሞ እየው፤ ወገቡ እንደ ቀለበት አብርቷል። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም። ሲፋተግ ብዙ ሳምንት ከርሟል።» መዳፉን ጨብጦ፣ «ይህን መዶሻ ይሰማው ነበር» አለ። ፊቴን አላየኝም።

እያንዳንዱን መትቻለሁ ብዬ ማልኩ። ውሸት አልነበረም፣ እውነት መስሎኝ ነው የማልኩት። እሱም አልተከራከረኝም። ብሎኑንና ዳዶውን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ሄደ። ምነው በተቆጣኝ ኖሮ።

በማግስቱ የዘርጋ ሚስት ወይዘሮ ብርነሽ ለእስረኛው ቆጮ ይዛ መጣች። ስትመለስ ሰፈሩ በር ላይ ጠበቀችኝ። እንደ ወትሮው ስለ እናቴ ጤና ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን ካንተ ጋር ነበር አሉ» አለችኝ።

«ከእኔ ጋር?» አልኳት፤ በየገበያው ሰላም ከምለው ሰው ሁሉ ለይቼ አላስታወስኩትም።

«ሸክሙን አስቀምጦ ሰላም ብሎህ፣ አንተም ሸኝተኸው፣ ሸክሙን ሊያነሳ ተመለሰ። ለምን አትነግራቸውም ስለው እምቢ አለኝ። ‹ሰላም ያልኩትን ሰው አሳልፌ ልስጥ? እሱንም ይሰቅሉታል› አለኝ።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። «እኔ እንድትሞት አልፈልግም፣ ልጄ። ግን ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ።»

እዚያው በቆምኩበት ሁሉም ነገር በዓይኔ መጣ። ዘርጋ ሲመጣ መዶሻዬ መገጣጠሚያው ላይ ነበር። ባርኔጣዬን አውልቄ ተጠጋሁት። ስለ ከብቱ ተጨዋወትን፣ ጎን ለጎን ወረድን፣ ተሰነባበትን። ከዚያ የቀጠልኩት ሥራዬን ካቆምኩበት ሳይሆን ተሰናብቼው ከቆምኩበት ነው። ያን ቀን ብቻም አይደለም። በየሳምንቱ፣ እዚያው ቦታ፣ ከሌላ ሽማግሌ ጋር እንዲሁ አድርጌያለሁ። የደገፉን እግር የቆረጠው የእኔ መዶሻ ያላረፈበት ብሎን ነው። አፈርኩ። ደግሞም ፈራሁ፤ ፈሪ አልነበርኩም ብል ማን ያምነኛል።

በመጀመሪያ የሄድኩት ባቡሩን ወደሚያሠራው ጣሊያን ኢንጂነር ነው። አስተርጓሚው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሲነግረው በሩን ዘጋ። «ጥፋቱ የብሎን ከሆነ እኔም፣ አንተም፣ ኸይሩም እንጠየቃለን። የሽፍታ ከሆነ አንድ ገበሬ ነው። ወደ ሥራህ ተመለስ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆቹን በፎቶግራፍ የሚያሳየን ሰው ነው። እንደ እኔ ፈርቶ ነው።

ስመለስ ጋሽ ኸይሩ ጎጆዬ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ነገርኩት። እስኪያልቅ ሰማኝና፣ «ስንት እርምጃ ሸኘኸው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «እግርህ ያውቀዋል። ካፒቴኑ ራሱ ይየው» አለ። «ከገበያው በፊት ሐዲዱን ለማየት ይመጣል። እስከዚያ ከዚያ ቦታ በታች ያለውን አንድም ብሎን እንዳትነካ።»

ካፒቴኑ ኢንጂነሩን አስከትሎ የመጣው ለገበያው አንድ ቀን ሲቀር ነው። ከጋሽ ኸይሩ ጋር መንገዱ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ወታደር ሊገፋኝ ሲል ለአስተርጓሚው፣ «ባቡሩን የጣልኩት እኔ ነኝ በለው» አልኩት። አስተርጓሚው የሰሜን ሰው ነው፤ «አንተ፣ ምን እያልክ እንደሆነ ገብቶሃል?» አለኝ። ገብቶኛል፣ ንገረው አልኩት። ነገረው። ካፒቴኑ ቆመ።

ዘርጋን ከነሰንሰለቱ አስመጡልኝ አልኩ። ያን ቀን የቆመበት ቦታ ይቁም፣ ሰላም ይበለኝ አልኩ። ካፒቴኑ ሳቀ፤ ግን አስመጣው። ዘርጋ ሲያየኝ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ተው ማለቱ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ቆምኩና ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«እንዴት ዋልክ፣ ጋሽ ዘርጋ?»

ሰንሰለቱን ሰብስቦ ቀረበኝ። እንደ ገበያ ቀን መለሰልኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ልጆች ደህና? ከብቱስ?»

«ሁሉም ደህና።»

«አረቅጥ ያለችው እህትህስ? እንሰቷን ውርጭ አልነካውም?»

«ዘንድሮ ተርፏል፣ ተመስገን።»

እየተነጋገርን ጎን ለጎን ወረድን። ሰንሰለቱ እየጮኸ ነበር፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ግን እኔ አልሰማውም። እግሬን አላዘዝኩትም። «ደህና ዋል» ሲለኝ ቆምኩ። ጋሽ ኸይሩ የቆምኩበት ላይ በኖራ መስመር አሰመረ።

ከዚያ መዶሻውን ለካፒቴኑ ሰጠው፤ ያን ለማንም የማያውሰውን የወይራ መዶሻ። በተሰበረው መገጣጠሚያና በኖራው መካከል ሁለት መገጣጠሚያ ነበር። ካፒቴኑ የመጀመሪያውን ብሎን መታ። ድፍን። ሁለተኛውን መታ። ድፍን። ስምንቱንም መታ። ኖራውን አልፎ ሲመታ ሐዲዱ ጥርት ብሎ ጮኸ። ተመልሶ እንደገና መታ። ጋሽ ኸይሩ ብሎኑንና ዳዶውን ከመሐረቡ ፈትቶ አሳየውና አስተርጓሚውን፣ «ሽፍታ ሦስት መገጣጠሚያ በግማሽ ፈትቶ፣ ኖራው ጋ ሲደርስ ለምን ይተዋል በለው» አለ።

ካፒቴኑ ለረጅም ጊዜ ኢንጂነሩን አየው። ኢንጂነሩ መሬት መሬት ያይ ነበር። ዘርጋ በዚያው ቀን ተፈታ። እኔ ተገርፌ ስድስት ወር በእስራት ካባው ላይ ድንጋይ እንድፈልጥ ተፈረደብኝ። የዚያን ቀን ጅራፉ አሞኛል፤ ግን በእነዚያ አምስት ቀናት ውስጥ በደንብ የተነፈስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ካባው ሲወስዱኝ ጋሽ ኸይሩ ጥቂት አብሮኝ ሄደ።

«ባርኔጣህን ይዘኸው ሄድክ» አለኝ።

«ታዲያ የት ላድርገው?»

«መገጣጠሚያው ላይ። እኔ ቆቤን የማስቀምጠው ያቆምኩበትን እንዳልስት ነው።»

«ለአክብሮት መስሎኝ ነበር።»

«እኔ እስላም ነኝ፣ ተክሌ። ከሐዲዱ ውጭ ለሰላምታ ቆብ ሳወልቅ የት አይተህ ታውቃለህ?» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ያየህ መስሎኝ ነው ያልነገርኩህ። የደገፉ እግር የሁለታችንም ዕዳ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ለማንም ሥራ ሳስተምር ያያል ብዬ ትቼ አላውቅም። እነግረዋለሁ፤ መልሶ እንዲነግረኝም አደርጋለሁ። በዚህ ምክንያት ነዝናዛ የሚል ስም አትርፌያለሁ።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ ኢንጂነሩ ሊያባርረኝ ፈለገ። ጋሽ ኸይሩ እሱ ካልተመለሰ እኔም አልመለስም አለ። «እዚያ ቦታ ላይ ሁለተኛ የማይሳሳት ሰው እሱ ብቻ ነው» አለው። ስመለስም ሥርዓቱን አብረን ለወጥነው። ላይና ታች በየሳምንቱ መለዋወጥ ጀመርን፤ አንዱ ብሎን የሁለት ሰው ጆሮ እንዲያገኝ። ሥራ ያቋረጠ ሁሉ ቆቡን፣ ባርኔጣውን፣ ካጣም ድንጋይ መገጣጠሚያው ላይ ሳያስቀምጥ አፉን እንዳይከፍት ተስማማን። ደገፉ በሰው ሠራሽ እግሩ ከታች በር ላይ ተመድቦ ስንመለስ፣ «የት ላይ ቆማችሁ ነበር?» እያለ ይጠይቀን ነበር። ስቆ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ግን አንድ ቀንም ስቄ መልሼለት አላውቅም።

የተመለስኩበትን የመጀመሪያ የገበያ ቀን አልረሳውም። ያቺ መገጣጠሚያ ጋ ስደርስ ዘርጋ ሸክሙን ተሸክሞ ከላይ ብቅ አለ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ጎንበስ ብዬ ሐዲዱ ላይ አስቀመጥኩ። ቀና ስል ዘርጋ ፊቱን ወደ ፊት እንዳደረገ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በአጠገቤ አልፎኝ ሄደ።

እንደዚያ ቀን ልቤ ተሰብሮ አያውቅም። ይቅር አላለኝም ማለት ነው አልኩ። ልክ ነው አልኩ። ባርኔጣዬን አንስቼ ብሎኔን መታሁ። የሚቀጥለውንም መታሁ። ከኋላው የመጡት ሽማግሌዎችም ሁሉ እንደ እሱ ዝም ብለው አለፉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጸጥ ያለ የገበያ ቀን አላየሁም። አንድም ብሎን አልዘለልኩም።

ሐዲዱ የሚያልቅበት ከታች ሰፈር በር ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ከገበያው ሰው መመለስ ጀምሯል። ዘርጋ በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሸክሙ ሳይፈታ አጠገቡ ነው፤ ገበያ አልሄደም። ሲያየኝ በሁለት እጁ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳ።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ፣ ጋሽ ዘርጋ።»

«ለሰዉም ሁሉ ነግሬያለሁ፤ መዶሻ የያዘን ሰው ሰላም የምንለው እዚህ ነው ብያለሁ።» እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «እንዴት ከረምክ፣ ልጄ? ጤናህ እንዴት ነው? እናትህ ደህና ናት?»